በሩ ላይ የተባለው

ሰውየው በሩን ይዞ «እህቴ» ያለው ማንን ነበር?

አማካሪዋ ይህን ጥያቄ አሥራ አንድ ዓመት ይዛው ኖራለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ ይዛው ትቆማለች፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ይዛው ትከትፋለች፣ ራሷን ስትታጠብ ውሃው ጆሮዋ ሳይገባ እሱ ቀድሞ ይገባል። የሰው ጭንቀት ስትሰማ የምትውል ሴት ናት፤ የራሷን የሚሰማላት ግን አላገኘችም። ብታገኝም መልስ ያለው አይመስልም። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዷ በደንብ አልሰማችም፤ አንዱ ደግሞ አልተመለሰም።

የምትሠራው ሦስት ፎቅ ባለው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ታች ጥርስ ይነቀላል፣ መሀል ላይ ዓይን ይለካል፣ እሷ ላይኛው ፎቅ መጨረሻ ላይ ነች። «እኛ ጋ ሲደርሱ የሚነቀልም የሚለካም አያገኙም፤ ለዚህ ነው ደረጃው የሚረዝምባቸው» ትላለች ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴት። ይህችን ሴት ሰው ሁሉ ሬዲዮ ይላታል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ትከፈታለች፣ ማታ ካልተቆለፈባት አትዘጋም። እሷም ስሙን ወዳዋለች፤ ስልክ ስታነሳ «ሬዲዮ ነኝ» የምትልበት ጊዜ አለ።

አማካሪዋን ዶክተር ይሏታል፤ ዶክተር አይደለችም። መጀመሪያ ሰሞን «ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ» ትል ነበር። ሰዎቹ «እሺ ዶክተር» እያሉ ሲመልሱላት ተወችው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ትንሽ አጋደል ብለው የተቀመጡ ሁለት ባለመደገፊያ የእንጨት ወንበሮች፣ በመሀላቸው ሶፍት የተቀመጠበት ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። የግድግዳው ሰዓት የተሰቀለው ከእንግዳው ወንበር በስተጀርባ ነው፤ እሷ ታየዋለች፣ የሚያወራው ሰው አያየውም። የበሩ ማጠፊያ ሲከፈትም ሲዘጋም ሲጥጥ ይላል። ስንት ጊዜ ዘይት አድርጉልኝ ብላለች፤ ስንት ጊዜ እሺ ተብላለች።

ሥራውን ያስተማሯት ከሌላ አገር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የእሳቸው መንገድ የዝምታ መንገድ ነው። ባለሙያው ብዙ አይናገርም፤ የተናገረው ሰው የገዛ ንግግሩ መልሶ ጆሮው እስኪገባ ይጠብቃል። ሕጎች ነበሯቸው። ሁሉንም ሰው አንቱ በሉ። ማንንም ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልጄ አትበሉ። አይዞህ አትበሉ፤ አይዞህ የተባለ ሰው ወሬውን እዚያው ይውጠዋል። ሃምሳ ደቂቃ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ሰው ሊወጣ ሲል በር ላይ አንድ ነገር ጣል ቢያደርግ አታንሱት፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆዩት። ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «እኛ ጋ እኮ ዋናው ነገር የሚነገረው በር ላይ ነው» ብሎ ነበር። ሽማግሌው ሲተረጎምላቸው ፈገግ ብለው፣ «በየሄድኩበት አገር እንዲሁ ነው፤ ሕጉን ያወጣነውም ለዚሁ ነው» አሉ። አማካሪዋ ያን ቀን ደብተሯ ላይ ሕጉን ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሰውየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። ሬዲዮ ባለመኪናው ነበር የምትለው። «ባለመኪና ነው ሲሉኝ ስንት ቀን በመስኮት አጮልቄ አየሁ፤ ለካስ በእግር የሚረገጥ ኖሯል!» ዕድሜው አርባን አለፍ ያለ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጣቶቹ ዘይት የጠጡ ሰው ነው። ሥራ ላይ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ መኪና መፍታት ስለለመደ ብሎን ባይዝም አፉን በቅጡ አይከፍትም። ቃላቱ በጥርሶቹ መሀል ተጣበው ነበር የሚወጡት። አማካሪዋ ወደ ፊት ዘንበል ብላ መስማት ለምዳ ነበር።

ሰባት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የመጣበት ምክንያት እንቅልፍ ነው። ከታናሽ እህቱ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ፤ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። «እህቴ ትሰፋለች፣ እኔ የምትሰፋበትን እጠግናለሁ» ይላል። ሌሊት ሌሊት ከወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪና ሲሄድ ይሰማዋል። ተነስቶ ያያል፤ እህቱ ተኝታለች፣ መኪናው ጨርቁን ለብሶ ቆሟል። እጁን መዘውሩ ላይ ያሳርፋል፤ ቀዝቃዛ ነው። ተመልሶ ሲተኛ ድምፁ ይቀጥላል። ወሬው ሁሉ «እህቴ እንዲህ አለች»፣ «እህቴ እንዲህ ሆነች» ነበር። አማካሪዋን ደግሞ ሁልጊዜ «ዶክተር» ነበር የሚላት። አንድም ቀን አልተሳሳተም።

የመጨረሻው ማክሰኞ ላይ ብዙ አላወራም። አውራ ጣቱን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተጭኖ ቆየና፣ «ዶክተር፣ ክር የሌለው መርፌ ሌሊቱን ሲወጋ የሚያድረው፣ ምን እየሰፋ ነው ይላሉ?» አላት።

«እርስዎ ምን እየሰፋ ይመስልዎታል?» አለችው፣ እንደ ሕጉ።

በከንፈሩ ጫፍ ሳቀ።  ሰዓቱ ለአሥር አሥር ጉዳይ ሲል፣ «ለዛሬ ጊዜያችን አልቋል» አለችው። ተነሳ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ በሩን ሳብ አደረገው። ማጠፊያው ሲጥጥ አለ። ሲጥጥታው ሳያልቅ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እህቴ መሄ… ነው» አለ።

አንዲት ፊደል ማጠፊያው በላት።

«እሱን ለሚቀጥለው ማክሰኞ እናቆየው» አለችው።

«እሺ ዶክተር።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። በሦስተኛው ማክሰኞ አማካሪዋ ከሕጎቹ አንዱን ጥሳ ካርዱ ላይ ባለው አድራሻ ሄደች። የግቢው ባለቤት እጁን አራግፎ፣ «ለቀዋል፤ ሁለቱም። ማን ቀደመ ቢሉኝ አላውቅም» አላት። አንዲት ጎረቤት ሰውየውን የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሞ በማለዳ ሲወጣ አይታዋለች። ወዴት እንደሄደ አልጠየቀችውም። «ለሥራ የሚሄድ መስሎኝ» አለች።

ነገሩ ይኸው ነው፤ ለሰው ሲነገር ትንሽ ይመስላል። «እህቴ መሄዷ ነው» ብሎ ከሆነ ስለ እህቱ ነው የነገራት፤ ያሳደጋት ልጅ ትታው ልትሄድ ነው፣ ይህ ለማክሰኞ የሚቆይ ጨዋታ ነው። «እህቴ፣ መሄዴ ነው» ብሎ ከሆነ ግን የሚሄደው ራሱ ነው። እህቴ ያለውም እሷን ነው። ሰባት ወር ዶክተር ሲላት የኖረ ሰው አንድ ጊዜ እህቴ ብሎ ተሰናበታት፤ እሷ ቀጠሮ ሰጠችው። ወዴት እንደሚሄድ፣ ከሄደበት የሚመለስ እንደሆነ፣ አልጠየቀችም። ፋይሉ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ልትጽፈው ብዕር አነሳች። «እህቴ» ብላ ጻፈች፤ ነጠላ ሰረዙ ይግባ አይግባ አላወቀችም። ፋይሉ እስከ ዛሬ እዚያው ላይ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ካዳት። ዓይኗ ይከደናል እንጂ ጆሮዋ አይከደንም። ይባስ ብሎ የሰውየውን ድምፅ ወረሰችው፤ የስፌት መኪና በሌለበት ቤት ውስጥ መኪና ሲረገጥ ይሰማታል። ባሏ ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ነው። የሰውየውን ማንነት አልነገረችውም፤ የሥራ ምስጢር ነው። ዓረፍተ ነገሯን ብቻ ነገረችው። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ የኩሽናውን በር አስይዛ አቆመችው።

«ምስማር በከንፈርህ ያዝና በለው።»

«የቱን ልበል?»

«እንዳትነግረኝ። ዝም ብለህ አንዱን በል።»

ባልየው እድሜ ልኩን ምስማር በከንፈሩ ይዞ መሰላል ላይ የኖረ ስለሆነ አልከበደውም። በሩን ሳብ አድርጎ አጉረመረመ።

«ዴ ነው ያልከው» አለች።

ምስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው። «ዷ ነው ያልኩት።»

«አይደለም! ዴ ነው። በጆሮዬ ሰማሁህ።»

«እመቤቴ፣ አፉ የእኔ ነው እኮ!» ሊስቅ አለና ፊቷን አይቶ ተወው። ቆይቶ ግን አላስቻለውም፤ «ደግሞስ ባልሽ በር ላይ ቆሞ እህቴ እያለ ሲሰናበትሽ ጎረቤት ቢሰማ፣ ተፋቱ ብሎ አያስወራብንም?» አላት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። የገዛ ጆሮዋን ማመን ያቆመችው ያን እሑድ ነው።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓትን ለማንም አልሰጠችም። መዝገቡ ላይ «ተይዟል» ብላ ትጽፍበታለች። ሰዓቱ ሲደርስ ከባዶው ወንበር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሃምሳ ደቂቃ። የእንጨቱ መደገፊያ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጽዳት የምትሠራውን ሴት «ይህቺን አትንኪብኝ» ብላታለች። የሚመጣው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እጁን እዚያ ላይ ያሳርፋል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል፤ አሻራው አይሄድም። «ቀጥሬዋለሁ» ትላለች ለራሷ። «ቀጥሬው ሳለሁ መጥቶ ሌላ ሰው ቢያገኝስ?»

በዚህ ዓመት መጠይቁ መጣ።

ሠላሳ ገጽ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እነማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ በምን እንደሚያምኑ የሚያጠኑ ሰዎች የላኩት ነው። ሥራ አስኪያጁ «በዚህ ሳምንት ይሞላ» ብሎ ሰጣት። ከሬዲዮ ጋር ምሳ እየበሉ ገለጠችው።

«"ሥራዎ በየትኛው የንድፈ ሐሳብ አቅጣጫ ይመራል?"» ብላ አነበበች።

«አቅጣጫ?» አለች ሬዲዮ እየጎረሰች። «ደረጃውን ወጥተው በስተግራ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ በያቸው።»

«ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ስጪ ነው የሚለው። የጥልቅ ሥነ ልቦና፤ ሐሳብንና ልማድን ማረም፤ ሰውን መሀል ያደረገ፤ የቤተሰብ…»

«አንቺ የትኛው ነሽ?»

አማካሪዋ ዝም አለች።

«ይኸው! የዝምታው ነሽ» አለች ሬዲዮ። «ያ አምስት ነው፤ እኔ እመሰክራለሁ።»

ከመጠይቁ ጋር ቀደም ብሎ ከተደረገ ጥናት የተቀነጨበ ወረቀት ተያይዟል። በአንዱ አገር የጥንቱን መንገድ የሚከተሉ ይበዛሉ፣ በሌላው ሐሳብን ማረም የሚመርጡ፣ በሌላው ደግሞ ሁሉንም የሚቀላቅሉ። ከብዙዎቹ አገሮች የመለሱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ራሳቸውም ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄደው ያወራሉ። አማካሪዋ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እሷ ማንም ዘንድ ሄዳ አታውቅም። የሚሄዱበት ሰው በሌለበት ማን ይሄዳል?

ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የሚረዱትን ሰው ሳያውቁ ጎድቼው ይሆን ብለው የሚሠጉት ምን ያህል ጊዜ ነው?» ከሥሩ አራት ሣጥኖች፦ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ። ይህን ጥያቄ አንድ ሰው አስቦ ጽፎታል። በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ አንዲት ሴት ይህንኑ ገጽ ገልጣ ብዕሯን ይዛ ተቀምጣለች። ምናልባት እሷም ጋ ባዶ ወንበር ይኖር ይሆናል። አማካሪዋ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ቀጥሎ ያለው ቀላል ነበር፦ በሳምንት ስንት ሰው ያያሉ? ሃያ ሦስት ብላ እውነቱን ጻፈች። ጣጣውን ያመጣው ይህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ከመላኩ በፊት ከመዝገቡ ጋር አስተያየው፤ መዝገቡ ሃያ አራት ይላል። አስጠራት።

«ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ማነው?»

«ተይዟል።»

«በማን?»

«አንድ ሰው ቀጥሬ ነበር።»

«መቼ ነው መጨረሻ የመጣው?»

ወለሉን አየች። «አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ሳያደርገው፣ «ሠላሳ አንድ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው» አላት። «ከነሱ መሀል ማክሰኞ የማይደርስ ቢኖርስ? ይሄን እርስዎ ነዎት ለእኔ መንገር የነበረብዎት።»

 ለአንድ ሰው ብላ የዘጋችው በር ስንቱን ውጭ እንዳቆመ አስባው አታውቅም ነበር። «እሺ» አለች። ቃሏ እንደ ሰውየው በጥርሷ መሀል ወጣ።

ሬዲዮ በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። «ማክሰኞ ዘጠኝን ሰጠሁት፤ እንዳትቀየሚኝ። አንዲት ሴትዮ ናት። ሁለት ጊዜ መጥታ መልሻታለሁ። ሐሙስ አልኳት፣ ዓርብ አልኳት፣ ማክሰኞ ዘጠኝ ካልሆነ አልፈልግም አለችኝ። ምነው የኔ እመቤት፣ ሰዓቱ ወርቅ አለበት እንዴ ብዬ ተቆጣኋት እኮ!»

አማካሪዋ የደረጃውን ብረት ያዘች። «ምን አለችሽ?»

«ምንም። ሳቀች። አሳሳቋ ግን… አላውቅም፤ ከንፈሯን አልከፈተችም።»

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ሲጥጥ አለ።

የገባችው ሴት አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ልብሷ በደንብ የተሰፋ፣ ራሷ የሰፋችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇን መደገፊያው ላይ ስታደርግ ጣቷ ጥቁሩን አሻራ አገኘው። ጎንበስ ብላ አየችው። አውራ ጣቷን በላዩ አሳረፈች፤ ጣቷ ከአሻራው አነሰ።

«የእሱ ነው?» አለች።

አማካሪዋ አሻራውን አየች። 

ሴትየዋ ከቦርሳዋ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። ጠርዙ ዘይት ነክቶት ቢጫ ሆኗል። ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ የአማካሪዋ የገዛ እጅ ጽሕፈት። «ወንድሜ እዚህ ይመጣ ነበር። እዚህ እንደሚመጣ አልነገረኝም። ይሄን ያገኘሁት ከስፌት መኪናው መሳቢያ ነው፤ መኪናውን ለጎረቤት ጥሎላት ኖሯል። ከውጭ ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሆስፒታል ጠይቄያለሁ፣ ጣቢያ ጠይቄያለሁ፣ ያልጠየቅኩበት የለም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ወንድሜ የት ነው የሄደው?»

«አላውቅም» አለች አማካሪዋ።

«ምን ብሎዎት ነበር?»

የሥራ ምስጢር ነው ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ወንበሩን አየች፣ ካርዱን አየች፣ አሥራ አንዱን ዓመት አየች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነገረቻት። ቀኑን፣ በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የተበላችውን ፊደል። ለማክሰኞ እናቆየው ማለቷንም አልደበቀችም።

ሴትየዋ ካርዱን አገላበጠችው። «እኔን እቤት እህቴ ብሎኝ አያውቅም» አለች በመጨረሻ። «ጩጬ ነበር የሚለኝ። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ጩጬ!»

«ለእኔ ሲያወራ ግን እህቴ ነበር የሚልዎት። ሁልጊዜ።»

«መሄዴን አልነገርኩትም ነበር» አለች ሴትየዋ። ድምፅዋ ወረደ። «ደብቄ ነው የሄድኩት። ቢያውቅ የሚከለክለኝ መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ የሚያለቅስ። የዚያን ሳምንት ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ነው የወጣሁት።»

ረቡዕ። የማክሰኞው ማግስት። አማካሪዋ ቀኖቹን ገጣጠመች። ካልነገረችው አያውቅም፤ ካላወቀ «መሄዷ ነው» ሊል አይችልም። እንግዲያው መልሱ ይኸው መጣ። እህቴ ያለው አማካሪዋን ነው።

«ፓስፖርቴንና ትኬቴን ማንም የማያይበት ቦታ ነበር የደበቅኳቸው» ሴትየዋ ቀጠለች። «አንድ የተበላሸ መኪና ነበረን፤ ሆዱን ከፍቼ እዚያ ውስጥ…» አቆመች። ሁለቱም ተያዩ። «ሌሊት ሌሊት ነበር የምከፍተው። መኖራቸውን ለማየት። መዘውሩን አዞር ነበር፤ ካልዞረ ክዳኑ አይለቅም።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «መኪና ጠጋኝ ቤት ውስጥ፣ መኪና ሆድ ውስጥ! ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ከፍቶት ነበር አይደል? ሳያየው ይቀራል?»

አማካሪዋ የሌሊቱን ድምፅ አሰበች። ክር የሌለውን መርፌ። ያ ሰው ያበደ መስሎት መጥቶ የተቀመጠው እዚህ ነበር፤ ድምፁ ግን እውነት ነበር። አውቆ ይሆን? አውቆ ከሆነ ከመቼ ጀምሮ? ጥያቄው ተዘጋ ስትል መልሶ ተከፈተ።

ሴትየዋ ሁለት እጇን መደገፊያዎቹ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ዶክተር፣ መሄዷ ብሎ ከሆነ አውቆ ነው የለቀቀኝ። የዚያን ጠዋት ስወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። አውቆ ከሆነ አልተኛም ማለት ነው፤ እያወቀ ዝም ብሎ ሸኘኝ ማለት ነው። እኔ በዚህ መኖር እችላለሁ። ካላወቀ ግን ነቅቶ ባዶ አልጋ ነው ያገኘው።» ዓይኗ ሞላ። «ያስታውሱ እስቲ። መሄዷ አላለም?»

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልገው። «አዎ።» ሴትየዋ ታርፋለች። እሷም ታርፋለች፤ እህቴ የተባለችው እሷ ካልሆነች የተሰናበታትም የለም፣ ሳትሰማው የቀረችው ስንብት የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባሏን ምስማር አስነክሳ የፈለገቻት ፊደል ይህቺ ናት። ሴትየዋ ራሷ ለምና ልትሰጣት መጥታለች።

«አልሰማሁም» አለች አማካሪዋ።

«ትንሽ ቢያስቡ…»

«ሳስብ ነው የኖርኩት። ጠዋት መሄዷ ነው እላለሁ፣ ማታ መሄዴ ነው እላለሁ። አልሰማሁም። ተነስቼ ምን አልክ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።»

ሴትየዋ ሶፍቱን ሳታነሳ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። አልተቆጣችም። ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። «እኔም ቀስቅሼው መሄዴ ነው ማለት ነበረብኝ» አለች። «አላልኩም።»

ሰዓቱ ለአሥር አሥር ጉዳይ አለ። አማካሪዋ አየችው፤ ምንም አላለችም። ሴትየዋ ግን ሳታየው፣ ሰው ቤት ብዙ የቆየ ሰው እንደሚያደርገው፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ በሩን ሳብ አደረገችው። ሲጥጥ አለ።

«በቃ እህቴ፣ መሄዴ ነው» አለች።

ያለችው ገብቷት አልነበረም። ሰው ሲሰናበት የሚለውን ነው ያለችው። ካለችው በኋላ ግን እጇ እጀታው ላይ ደረቀ። ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንደገባ ያህል ቆመ። አማካሪዋ ከወንበሯ ተነስታ ነበር፤ መቼ እንደተነሳች አታውቀውም።

«አትሂጂ» አለቻት። አንቺ ብላ። «ተመለሽና ተቀመጪ እህቴ። አይዞሽ።»

በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዋ እዚያ ክፍል ውስጥ አይዞሽ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። የሽማግሌው ሕግ እውነት ከሆነ ሴትየዋ ወሬዋን መዋጥ ነበረባት። አልዋጠችም። ተመልሳ ተቀመጠችና ማውራት ጀመረች፤ ስለ ባዶው አልጋ፣ በወጣችበት አገር ስለ ሰፋችው ልብስ፣ ወንድሟ ብሎን በከንፈሩ ይዞ ሲዘፍን ስለሚያወጣው አስቂኝ ድምፅ። ዘፈኑን አስመስላ አጉረመረመችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። አሥር ሰዓት አለፈ። ማንም ሰዓት አላየም።

ስትወጣ፣ «በሚቀጥለው ማክሰኞ ልምጣ?» አለች።

«ሰዓቱ ያንቺ ነው» አለቻት አማካሪዋ። እስከ ደረጃው ሸኘቻት።

ስትመለስ መዝገቡን ከፍታ «ተይዟል» የሚለውን ሰረዘችውና የሴትየዋን ስም ጻፈችበት። የቆየውንም ፋይል አወጣች። «እህቴ» ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አላደረገችም፤ «አልሰማሁም» ብላ አራት ነጥብ አደረገችበት።

የሚቀጥለው ሰው ቀጠሮ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። አማካሪዋ ወደ ወንበሯ አልሄደችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ክፍሉ ሌላ ነው፤ በሩ ይታያል፣ መስኮቱ ይታያል፣ ሰዓቱ አይታይም። አውራ ጣቷን አሻራው ላይ አሳረፈች። ከሩቅ የሚረገጥ መኪና ድምፅ ተሰማት፤ ያው የወረሰችው። ይህን ጊዜ ግን ተነስታ አላየችም። ይስፋ አለች በልቧ። የሰፋውን ይስፋ።

ሬዲዮ የሚቀጥለውን ካርድ ይዛ መጣች። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ እየሳቀች…» ብላ ጀመረችና ተቋረጠች። አማካሪዋ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ፣ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ እንደ ሕፃን ትተነፍሳለች። ሬዲዮ እድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ዝም አለች። በሩን በሁለት እጇ ከማጠፊያው በኩል ደግፋ፣ ሲጥጥ እንዳይል ጥቂት በጥቂት ዘጋችው። ከመዝጋቷ በፊት የግድግዳውን ሰዓት አየች።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃ አለ።